እጃችሁን ታጠቡ

በዚህ ቻናል ስለ ዶላር፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ፣ ስለ ምርጫ ስትጠብቁኝ ዛሬ ስለ መክሰስ ልጽፍላችሁ ነው። «ሰውዬው ርዕስ አለቀበት» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጥተው በር ላይ ጫማ ሲያወልቁ «አሁን ምን ላቅርብላቸው?» ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ በዚህ ከተማ ብዙ ነው። ያ ወላጅ በዚያች ደቂቃ የሚያስበው ስለ ምግቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ርዕሱን ለቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት ፕሮግራሞች እተወው ነበር።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬን ማለዳ ስለምጀምር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ እገባለሁ። ባለቤቴ መሀል ከተማ ስለምትሠራ ትራንስፖርት ከቀናት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ካልቀናት አንድ ሰዓት ላይ ትደርሳለች። ስለዚህ በቤታችን የመክሰስ ሚኒስትሩ እኔ ነኝ። ልጆቼ ሁለት ናቸው፤ ትልቋ 9 ዓመቷ፣ ትንሹ 6። አሥር ሰዓት ላይ በራችን ሥር የሚደረደረው ጫማ ግን የሁለት ልጅ አይደለም። አራት ጥንድ፣ አምስት ጥንድ ይሆናል። አንድ ሐሙስ ሰባት ቆጥሬያለሁ።

ሒሳቡን አስቀድሜ ላውራው። ሒሳብ ሳይነካ ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን የሚሰብክ ሰው አልወድም። አንድ እንቁላል ከ10 ብር በላይ ከሆነ ቆይቷል። አምስት ልጆች በሳምንት አምስት ቀን አንድ አንድ እንቁላል ቢበሉ በወር 100 እንቁላል ነው። እንቁላሉ የሚጠበስበት ዘይት አለ፤ 5 ሊትሩ 1 ሺህ ብርን ካለፈ ዓመታት ሆነው። አብሮት የሚበላ ዳቦ አለ። ሻይ ካለ ስኳር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ ስለ ማክሮ ኢኮኖሚ ስንከራከር ሰነበትን። ማክሮ ኢኮኖሚው አሥር ሰዓት ላይ ጫማውን አውልቆ ቤቴ ይገባል።

ይህን ሒሳብ ሠርተው በራቸውን የዘጉ ሰዎች አውቃለሁ። «ጓደኛ ይዘሽ እንዳትመጪ፤ መጫወት ከፈለጋችሁ ታች ሜዳው አለላችሁ» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። እፍረት ከመሸከም በር መዝጋት ይቀላል። የሚያሳዝነኝ ብዙ ጊዜ በሩ የሚዘጋው ቤት ውስጥ ምግብ እያለ መሆኑ ነው። የጠፋው «የሚቀርብ» የሚባለው ምግብ ነው። ሽሮ አለ፤ ግን ሽሮ እንዴት ለሰው ልጅ ይቀርባል? ድንች አለ፤ ግን ልጁ ቤቱ ሄዶ «ድንች ቅቅል ሰጡኝ» ቢልስ? ከብዙዎቻችሁ ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚለውን ወሬ እኔም አውቀዋለሁ። ልጅ ምሳ ሰዓት በደረሰበት ቤት ይበላ ነበር፤ እውነት ነው፣ እኔም በልቻለሁ። ግን አብረን የምንረሳው ነገር አለ። እናቶቻችን ከቤት ስንወጣ ምን ብለው ነበር የሚያስጠነቅቁን? «ሰው ቤት ብላ ሲሉህ ‹ጠግቤያለሁ› በል።» ርቦንም ጠግበናል እንል ነበር። እናታችን አብራን ካለች ደግሞ እጃችን ገና ወደ ሳህኑ ሳይዘረጋ ዓይኗ ደርሶ ይመልሰዋል። ይህን ጨዋነት እንለዋለን። ለእኔ ሒሳብም ነበር። እናቶቻችን የጎረቤታቸውን የሊጥ ልክ ያውቃሉ፤ ልጃቸው እዚያ አንድ እንጀራ ቢበላ ከማን ድርሻ እንደሚነሳ ያውቃሉ። ደጉ ዘመን በምንለው ዘመን ማካፈልም መከልከልም በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር።

ያ ትምህርት ዛሬም አልጠፋም። ከአንድ ዓመት በፊት አራተኛ ፎቅ ላይ የገቡ ቤተሰቦች አሉ፤ ከመሀል ከተማ በመልሶ ማልማት ተነስተው የመጡ ናቸው። ልጃቸው የእኔዋ እኩያ ነው። በመጣባቸው የመጀመሪያ ሦስት ሳምንታት «ና ብላ» ስለው «ጠግቤያለሁ ጋሼ» ይለኛል። ግድግዳ ተደግፎ፣ ሌሎቹ ሲበሉ የካርቱን ፊልም ያያል። ዓይኑ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ አልነበረም።

በእኛ አገር ልጅን «ትበላለህ?» ብሎ መጠየቅ ፈተና መስጠት ነው። በደንብ ያደገ ልጅ «አይ» ማለት አለበት። ሁለተኛ ስትጠይቀው ይሽኮረመማል፣ ሦስተኛ ስትጠይቀው ሌሎቹ ይስቁበታል። ስለዚህ እኛ ቤት ጥያቄው ቀርቷል። የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እጃችሁን ታጠቡ!» ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ትንሹ ልጄ ከጀሪካን በጆግ ቀድቶ ያስታጥባል። ሥልጣኑን በጣም ይወዳታል፤ ሳሙና ያልነካውን ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመልሳል። እጁን የታጠበ ልጅ ደግሞ ትሪው ዙሪያ ከመቀመጥ ሌላ የሚሄድበት የለውም። የአራተኛ ፎቁ ልጅ በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ታጥቦ ተቀመጠ። ማንም ምንም አላለውም። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ድስት አጥብ ነበር።

ትሪው አንድ ነው። ለየብቻ በሳህን ስታቀርብ ማን እንደጨረሰ፣ ማን ጭማሪ እንደፈለገ፣ የማን ሳህን እንደተላሰ ይታያል። በአንድ ትሪ ላይ ማን ስንት እንደጎረሰ የሚቆጥር የለም፤ ሲያልቅም ለሁሉም እኩል ያልቃል። ንጽሕናው ለሚያሳስባችሁ፣ ጉንፋን የያዘው ካለ ለብቻው በሳህን አወጣለታለሁ። ሶፋ ላይ እንደ ባለሥልጣን ተቀምጦ ይበላል፤ ሌሎቹም ማሳል ይጀምራሉ።

ቀጥሎ የእምነቱ ጉዳይ አለ። በእኛ ብሎክ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም አለ። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን እንደማይበላ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ትሪ ፊት ከተቀመጠ በኋላ «ይሄ ሥጋ የማን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ መጠበቅ ጭካኔ ነው። ወይ እያወቀ ይሳቀቃል፣ ወይ ሳያውቅ ይበላና ማታ ቤቱ ሲናገር የሁለት ጎረቤት ሰላምታ ይቀዘቅዛል።

ጾሙም እንዲሁ። ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብ አለ። ትምህርት ባለበት ወቅት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና የነቢያት ጾም፣ ከዚያ የነነዌ ሦስት ቀን፣ ከዚያ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በሰኔ ደግሞ የሐዋርያት ይመጣል። ከ7 ዓመቱ ጀምሮ የሚጾም ልጅ አለ፣ ቤተሰቡ «ገና ነህ» የሚለው አለ። የትኛው ልጅ የትኛው ቤት እንደሆነ ድሮ ሰፈሩ በቃሉ ያውቅ ነበር። አሁን በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች ከየትም ተሰባስበን የመጣን ነን። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። የደረሱ ልጆች እንጂ ሕፃናት ረመዳንን የመጾም ግዴታ የለባቸውም፤ ነገር ግን እስከ ቀትር እሞክራለሁ፣ ዘንድሮ እስከ አሥር ሰዓት ደረስኩ የሚሉና በዚህ የሚኮሩ አሉ። በዚያ ወር እኛ ቤት ከነበሩት አምስት ልጆች አንዷ ከጠዋት ጀምሮ ምግብ ያልቀመሰች፣ ሁለቱ የጾም ብቻ የሚበሉ፣ ሁለቱ ያገኙትን ሁሉ የሚበሉ ነበሩ።

ስለዚህ ደንብ አወጣን፤ የጓደኛ ትሪ ላይ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይወጣም። ሰኞም ቢሆን፣ በዓል ሰሞንም ቢሆን። አንድ ፕሮቴስታንት ወዳጄ ይህን ሰምቶ «በገዛ ቤቴ ለሰው ልጅ ብዬ ለምን እጾማለሁ?» አለኝ። ማታ እራት ላይ ቅቤ አፍስስበት፤ እኔም አፈሳለሁ አልኩት። በአሥር ሰዓቱ ትሪ ላይ ግን አንድም ልጅ ስለ ራሱ ማስረዳት የለበትም። ሽሮ ለማብሰያ ብቻ የለየናት አንዲት ድስትም አለች፤ ሥጋ ገብቶባት አያውቅም። ይህን ለአንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ስነግራት ፈገግ አለች እንጂ ምንም አላለችም። በማግስቱ ታናሿንም ልጅ ጨምራ ላከቻት። «ዛሬ ጾመኛ ነኝ» ላለችው ደግሞ ድርሻዋ በክዳን ተቀምጦላት ይዛው ትሄዳለች፤ ስለ እሷ ጾም ትሪው ዙሪያ ንግግር የለም።

ከዚህ ሌላ የማልዘለው ስልክ መደወል ነው። አዲስ ልጅ ሲመጣ ለወላጁ እደውላለሁ፤ «ልጅዎ እኛ ቤት ነው፣ ሰላም ነው። የማይስማማው ምግብ አለ?» ብዙዎቹ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ፣ ከዚያ «ኧረ ምንም» ይላሉ። አንዷ እናት ግን ኦቾሎኒ ቢቀምስ ፊቱ እንደሚያብጥና ትንፋሽ እንደሚያጥረው ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቾሎኒ ከመደርደሪያችን ወጥቷል። ታናናሾች ተከትለው ሲመጡ ቆሎም አላወጣም። ከአራት አምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እየሮጠ፣ እየሳቀ ስለሚያላምጥ ቆሎ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባበት ይችላል፤ ይህ የሚያስከትለው ነገር ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ትሪው።

አለቃው ሽሮ ነው። ቤት የምንበላው በርበሬ የበዛበት ስለሆነ ለልጆቹ ነጭ ሽሮ ለይተን እናስፈጫለን። ለአምስት ለስድስት ልጅ አንድ ትልቅ ሽንኩርት አድቅቄ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላላለሁ፤ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ቲማቲም ይገባል። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ሽሮ በሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ እጨምርና ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስከትላለሁ። ደረቁን ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ የሚነሰንስ ባለሙያ እጅ ያስፈልገዋል፤ የእኔ ይጓጉላል። እየተማሰለ ሃያ ደቂቃ ያህል ይንተከተክ። ቀጠን ማለት አለበት፣ የሚፈተፈት ነውና። እንጀራው የትናንት ቢሆን ይሻላል፤ የዛሬው ቶሎ ይላቁጣል። አራት እንጀራ ለአምስት ልጅ በቂ ነው። ደግሞ ጤፍና ሽምብራ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን የፕሮቲን ክፍል ሌላው ያሟላለታል። እናቶቻችን ይህን በላብራቶሪ ባያረጋግጡትም አሳድገውበታል።

ሽሮ ለእንግዳ አይቀርብም ለምትሉ፣ ትሪው ባዶ እስኪሆን የሚፈጀውን ጊዜ መጥታችሁ ቁጠሩ። አሥር ደቂቃ አይሞላም።

መብራት ሲጠፋ በሶ አለ። በእኛ ሰፈር መብራት መጥፋቱን የሚያስረዳ አያስፈልግም። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፤ ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ከፈለጋችሁ ስኳር። ዋናው ነገር ልጆቹ ራሳቸው ማሸታቸው ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ እፍኝ ዱቄት በሳህን ትሰጣለህ፣ ውሃውን በማንኪያ ታንጠባጥባለህ፤ ጭብጦው ኳስ ይሆናል፣ መኪና ይሆናል፣ አንዴ የመምህራቸው አፍንጫ ሆኖ አይቻለሁ። የእጃቸውን ሥራ ደግሞ ሳይበሉ አይተዉም። በሶ የማያውቁ የከተማ ልጆች መኖራቸው ግን ገርሞኛል። አንዱ «ጋሼ፣ ይሄ ሲሚንቶ ነው?» ብሎኛል።

ድንቹን ጠዋት ከነልጣጩ ቀቅዬ እወጣለሁ። ከሰዓት ልጬ፣ ቆራርጬ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ስልስ አገላብጬ ዳቦ ውስጥ እከተዋለሁ። ግቢው በር ላይ ከሚሸጠው እርጥብ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይወጣዋል፤ በዘይት ስላልተጠበሰ ዘይቱ ይተርፋል፣ ሆዳቸውንም አይከብዳቸውም። እንግዳው በዛ ሲል፣ እንደዚያ ሰባት ጥንድ ጫማ ቀን፣ ግማሽ ኪሎ መኮሮኒ በካሮትና በቲማቲም ስልስ ለሰባቱም ደርሷል። ሙዝ ከረከሰ ሙዝ። ጨጨብሳ በዘይት አልፎ አልፎ፤ ቂጣው ጊዜ ይፈጃል፣ እኔም የቂጣ ሰው አይደለሁም።

ንፍሮ ግን ቤት ውስጥ ጠብ አስነስቶብኛል። ስንዴና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፎ፣ በማግስቱ ቀቅሎ፣ ጨው ነስንሶ ማቅረብ ነው። ከዚህ የሚቀልና የሚረክስ፣ ከዚህም የሚያጠግብ መክሰስ አላውቅም። አማቴ ሊጠይቁን መጥተው አምስት ልጅ በአንድ ሳህን ንፍሮ ዙሪያ ተቀምጦ ሲያዩ አማተቡ። «ምነው ልጄ፣ ቤቱን ለቅሶ ቤት አስመሰልከው!» አሉኝ። የንፍሮ ቦታ ለቅሶ ቤት ነው ብለው ያምናሉ፤ እኔም አልከራከራቸውም። እሳቸው ያሉ ቀን ሽሮ ነው።

የማላቀርበው ምንድን ነው? በአምስት ደቂቃ የሚደርሰውን የፓኬት ኑድል፣ ለስላሳ፣ የታሸገ ጭማቂ አላቀርብም። የጤናውን ነገር ሌላ ሰው ይንገራችሁ። የእኔ ምክንያት ሌላ ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን ቸር ሰዎች ናቸው። አንድ ቅዳሜ ለልጃቸው ጓደኞች ፒዛ አስመጥተው፣ ለስላሳ ከፍተው አስፈነደቋቸው። የእኔም ልጆች ነበሩ፤ ለሳምንት ወሬያቸው ፒዛ ሆነ። ከዚያ በኋላ የአራተኛ ፎቁ ልጅ ወደ ሁለተኛ ፎቅ መሄድ አቆመ። የተጣሉ መስሎኝ ነበር። እናቱን ደረጃ ላይ አግኝቻት ነገሩን ሳነሳባት፣ «ኧረ ምንም አላደረጉትም፤ ደስ ብሎት ነው የመጣው» አለችኝ። ትንሽ ቆየችና «ግን ነገ የእነሱ ልጅ እኔ ቤት ሲመጣ ምን ልሰጠው ነው?» አለች።

ይቺን ጥያቄ ደጋግሜ አስቤባታለሁ። በእኛ ባህል የተሰጠ ነገር ይመለሳል። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም ተብለን ነው ያደግነው። መመለስ የማይችል ሰው ደግሞ መቀበልም ያቆማል፤ ልጁንም ቀስ ብሎ ይሰበስባል። እንግዲህ ከብዙዎቻችሁ ጋር የማልስማማው በዚህ ምክንያት ነው። ለልጃችሁ ጓደኛ የምታቀርቡት ምግብ የእሱ እናት ነገ ያለ ጭንቀት ልትመልሰው የምትችለው ይሁን። ያላችሁም ብትሆኑ። ፒዛችሁን ለብቻችሁ ብሉ፤ ማንም አይከለክላችሁም። የጓደኛ ትሪ ላይ ግን ድንች አውጡ። የሚያኮራ ምግብ የፈለገ ልደት ይጠብቅ።

«ድሆችን አሳነስካቸው» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ ከወዲሁ ይታየኛል። የቤቴን እውነት ልንገራችሁ። የእኔ ልጅ የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፤ ከጓደኞቿ ግማሾቹ የመንግሥት ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያሉ የቅድመ መደበኛና የአንደኛ ደረጃ ልጆች ቁርስና ምሳ እዚያው ይመገባሉ። የእኔዋ ደግሞ ጠዋት በአንድ ሰዓት የተቋጠረ ምሳ ስድስት ሰዓት ላይ ቀዝቅዞ ትበላለች፤ ግማሹን መልሳ ይዛ የምትመጣበት ቀን ብዙ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ጠኔ ይዟት የምትገባው እሷ ናት። ስለ ምገባው ብዙ የሚተች ነገር ሊኖር ይችላል፤ ልጆቹ በቀን ሁለቴ ትኩስ ነገር መቅመሳቸው ግን ከዚህ ከተማ አስተዳደር ሥራዎች ውስጥ ያለማንገራገር የማመሰግነው ነው።

ታዲያ የጠገበ ልጅ ለምን እኛ ቤት ይመጣል? ቤቱ ቁልፍ ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይለቃል፣ እናት ከመሀል ከተማ የምትመለሰው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ድሮ ሰፈራቸው ከሥራዋ በእግር የሚደረስ ነበር፤ ከዕቃው ጋር አክስቷም፣ የቡና ጎረቤቷም፣ ልጇን በዓይኗ የምታይላት ባለ ሱቅም አብረው አልተጫኑም። ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ የሄዱትም፣ ከፒያሳ የተነሱትም፣ ወደ እኛ የመጡትም ይህን ይነግሯችኋል። መንገዱ አማረ፣ መብራቱ አማረ፤ እኔም ቅዳሜ ማታ ልጆቼን ይዤ ወርጄበታለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ያለውን ሦስት ሰዓት ተኩል ግን ማንም በዕቅዱ ውስጥ አላስገባውም። አንገቱ ላይ ቁልፍ ያንጠለጠለ ልጅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ሲሠራ በእኛ ብሎክ ብቻ ሦስት አውቃለሁ።

የምገባው ወጥ ቤት አለ፣ የሚያበስሉት እናቶች አሉ፣ ግቢው አለ። ያ ግቢ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ቢሆን፣ አንድ ሞግዚትና አንድ ጀሪካን ውሃ ቢኖር፣ በየዕለቱ አንድ ድስት ንፍሮ ቢቀቀል ስንት ልጅ ከደረጃ ላይ ይነሳል? ለአዳዲሶቹ መንደሮች ባለሥልጣናት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። እስከዚያው ትሪው አለ።

አንድ ቀን የአራተኛ ፎቁ ልጅ ግማሽ ዳቦውን ከነድንቹ በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ሲከተው አየሁ። ታናሽ እህት አለችው፤ ገና ትምህርት አልጀመረችም፣ ቀኑን እዚያው ፎቅ ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት ዘንድ ነው የምትውለው። ምንም አላልኩትም። በማግስቱ ክዳን ባላት ትንሽ ሳህን ከሽሮው ቀንሼ «ይቺን ለእናትህ አድርስልኝ፤ ጋሼ ቅመሱልኝ ብሏል በላት» አልኩት። ሳህኗ ሦስት ቀን ቆይታ ተመለሰች። ሱፍ የተቀላቀለበት ገብስ ቆሎ አፍ እስከ ገደፏ ሞልቶባት ነበር፤ ገና ትኩስ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቼ እዚያ ተጠሩ። ቂጣ በሻይ በልተው መጡ። ትልቋ ገና በር ላይ ሆና፣ «አባዬ፣ የእነሱ ቂጣ ካንተ በጣም ይጣፍጣል» አለችኝ። ይገባኛል፤ እኔ የቂጣ ሰው አይደለሁም ብያችኋለሁ።

ከባለቤቴ ጋር ያልተቋጨ አንድ ክርክር አለን። እሷ እንቁላሉ ቢያንስ ማክሰኞና ሐሙስ ይመለስ ትላለች፤ ልጆች ናቸው፣ ያድጋሉ፣ የጾም ወቅት ካልሆነ ማንን ይነካል? ክርክሯ ቀላል አይደለም። እኔ ደግሞ አንዴ «ዛሬ ምን ቀን ነው? አንተ ትበላለህ? አንቺስ?» ማለት ከጀመርን ጥያቄው ወደ ትሪው ይመለሳል እላለሁ። የእናንተ ቤት እንዴት እንደሚያደርግ ከታች ጻፉልኝ። በተለይ ከአንድ ብርጭቆ ሽሮ በታች በሆነ ወጪ አምስት ልጅ የምታጠግቡበት ዘዴ ካላችሁ አትደብቁኝ።

ነገ ረቡዕ ነው። ስንዴና ሽምብራው ተዘፍዝፏል። አማቴ የሚመጡት ዓርብ ነው።